የባሕር ዛፍ ጥሩምባ

የመስከረም ጭቃ ገና ሳይደርቅ የስፖርት መምህራችን ሠላሳ ተማሪ ሜዳ ላይ አሰልፎ የባሕር ዛፍ ዱላ አደለን። የቆረጠው ከትምህርት ቤቱ አጥር ነው፤ የአንዳንዱ ቅርፊት እንኳ በቅጡ አልተላጠም። ለእኔ ክንድ ከስንዝር የምትሆን ደረሰችኝ። «ይች ትራምፔት ናት» አለኝ። ጥሩምባ ማለት አይወድም ነበር፤ ጥሩምባ የባላገር ቃል ነው ይላል። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ረዘም ያለ ስለደረሳት «ቲቸር፣ የኔስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ዱላዋን ከላይ እስከ ታች አየት አደረገና «ያንች የሚሳበው ነው» አላት። ስሙን አያውቀውም። የትምህርት ቤታችን የማርሽ ባንድ የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህን ሰው ዛሬ እንኳ አንቱ ብዬ ልጽፈው ብሞክር እጄ እምቢ ይለኛል። ወታደር ቤት ሳለ ባንድ ውስጥ ነበር ተብሎ ይወራ ነበር፤ እሱም አላስተባበለም። ኋላ እንደሰማሁት ወታደር ቤት የነበረው እውነት ነው፤ ሥራው ግን በር መጠበቅ ነበር። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ሲቆም የዓለም ሙዚቃ ሁሉ ከሱ ፊሽካ የወጣ ይመስለዋል።

ትምህርት ቤቱ ከጋይንት ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ውስጥ ነው። ስሟን አልጠራም፤ የተማሩ ሰዎቿ ዛሬም ለኩርፊያ ቅርብ ናቸው። ዘመኑ ካሴት ገና ያልጠፋበት፣ ባጃጅ ደግሞ ገና ያልመጣበት ነበር። በዚያ ክረምት አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ተባብረው አንድ ሙሉ የማርሽ ባንድ መሣሪያ ላኩልን። ጥሩምባዎች፣ ትልቅና ትንሽ ከበሮ፣ እንደ ድስት ክዳን የሚጋጩ ሁለት ነሐሶች፣ አፉ በየት በኩል እንደሆነ ማንም የማያውቀው አንድ ጥምዝምዝ ነገርም ነበረበት። ዳይሬክተራችን ሣጥኖቹን አስከፍቶ አየ፤ ደስ አለው፤ ከዚያ መልሶ አዘጋቸውና ንብረት ክፍል አስቆለፈባቸው።

«ተማሪ እጅ ከገባ አንድ ወር አይቆይም» አለ።

በጥቅምት የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ምረቃ ነበረ። ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። መሣሪያው የሚወጣው ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ባንዱ ይለማመድ ተባለ። በምን? እሱን የስፖርት መምህሩ ይወቅበት። የስፖርት መምህሩም አጥሩን አይቶ ዘዴውን አገኘ። ዕቃ የሚበላሸው ሲሠሩበት ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በእኛ አገር ሞልቷል። ሶፋቸው ላስቲኩን እንደለበሰ የሚያረጅ፣ ብርጭቋቸው ከቡፌው ሳይወርድ ልጆቻቸው አድገው የሚዳሩ ሰዎችን አውቃለሁ። ዳይሬክተራችን ከነዚህ የሚለየው ያለ መሣሪያ የሚለማመድ ባንድ በማቋቋሙ ብቻ ነው።

እኔ ታዲያ እዚያ ጭቃ ውስጥ ዱላ አፌ ላይ ደግኜ ምን እሠራ ነበር?

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ተምረው፣ እዚያው ተመርቀው፣ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ደብር ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። ከጎጃምም ከወሎም ከሸዋም ተማሪ ይመጣላቸዋል። ግቢያችን ዙሪያውን የተማሪ ጎጆ ነው። አባቴ ጥላ ሥር ጋደም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የማያውቅ ሰው ተኝተዋል ይላል። አንዱ ተማሪ ታዲያ ከዜማው ጥቂት ዘንበል ካለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ!» ይላሉ። ከስህተቱ ቦታ አይደለም የሚያስጀምሩት፤ ከሥሩ ነው። አንዳንዱን አሥር ጊዜ ይመልሱታል። ያለቀሰ ጎረምሳ አይቻለሁ።

እኔ ይህን እየሰማሁ አደግሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ብዙውን በጆሮዬ ይዤዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን እንስራ አዝዬ በፊታቸው ሳልፍ አንዱን ክፍል ድምፄን አውጥቼ አዜምሁት፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሆን ብዬ አጣመምሁት። «ተመለሽ» እንዲሉኝ። ዓይናቸውን ገለጡ፣ አዩኝ፣ መልሰው ጨፈኑ። የተሳሳተው ወንድ ቢሆን ኖሮ ያን ስህተት በሕልማቸውም አያሳልፉትም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሴት ልጅ የሚታረም ነገር አላት የሚል ሐሳብ መጥቶባቸው የሚያውቅ አይመስለኝም እንጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ አንድ ጊዜ ጆሮ ሰጥተው እንዲሰሙኝ።

ለዚህ ነው ባንዱ ውስጥ የገባሁት። ከተማ ቤት ተከራይቼ ስማር ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ አገር ቤት እሄዳለሁ። ዱላ በታደለን በመጀመሪያው ቅዳሜ ለአባቴ ነገርኋቸው። በዚያ ዓመት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሰው የሚለዩት በድምፁ ነበር።

«አባ፣ ትምህርት ቤት ጥሩምባ ልነፋ ነው።»

ዘፈን ነው ብለው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «ድምፁ እንዴት ያለ ነው?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ሰምቼው አላውቅ። «ያምራል» አልሁ።

«ለምረቃው ጸሎት እንዳደርስ መልእክት መጥቶብኛል። እንግዲያው እሰማሻለሁ።»

«እሰማሻለሁ» የሚለውን ቃል ከአባቴ አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወደ ከተማ ስመለስ ስንቁ አልከበደኝም።

ልምምዱ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ነበር። መምህሩ «ዋን፣ ቱ! ዋን፣ ቱ!» እያለ ይቆጥራል፤ እኛ ጭቃውን እየረገጥን ዱላችንን አፋችን ላይ ደግነን እንዞራለን። «ጉንጭ! ጉንጭ! ጉንጫችሁን ንፉ!» ይላል። ሠላሳ ሰው ጉንጩን ነፍቶ ዝም ብሎ ሲዞር አስቡት። በገበያ ቀን መንገደኛው አህያውን እያቆመ ያየን ነበር። አንዲት ባልቴት አጥሩን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ካዩን በኋላ «ምነው ልጆቹን፣ ሁሉንም ጥርሳቸውን ነው የሚያማቸው?» ብለው ጠየቁ። በዚያ ወር ስለ ባንዱ ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር።

ከመምህሩ ይልቅ ያስጠሉኝ ግን ጓደኞቼ ናቸው። ዱላውን አምነውበት ነበር። አንዱ በቢጫ ቀለም ቀባው፤ ሌላው በቅባት ወለወለው፤ ሁለት ልጆች የኔ ይቀጥናል ያንተ ይወፍራል ብለው ተደባደቡ። ባንዱ ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጠለት። በየሳምንቱ ዓርብም ግምገማ ይደረጋል። አዎ፣ ግምገማ። አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን የእያንዳንዳችን ጠንካራና ደካማ ጎን ይነገራል፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሰብሳቢውን ሳየው ይህ ጎረምሳ እርሻው ላይ ቢቀር ምናለበት እል ነበር፤ እሱ ግን ወረዳ ስብሰባ ላይ የለቀመውን ቃል ሁሉ እኛ ላይ ያራግፈዋል።

የኔ ተራ ሲደርስ ተነሣና «በትንፋሽ አወጣጥ ላይ ክፍተት ይታይብሻል። በስሜት አትነፊም» አለኝ።

«ዱላ ነው እኮ የያዝሁት» አልሁት።

«አየሽ? ችግሩ አመለካከትሽ ላይ ነው» አለ። ጸሐፊው ጻፈው። እኔም ድክመቴን ተቀብዬ እንደማሻሽል ቃል ገባሁ፤ ካልገባሁ ያስወጡኛላ።

ያ ዓርብ ከነከነኝ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ንብረት ክፍል ሄድሁ። ኃላፊው ቁልፉን ወገቡ ላይ አስሮ የሚውል፣ ሲመጣም ሲሄድም የቁልፉ ድምፅ የሚቀድመው፣ ለጡረታ የቀረበ ሰው ነበር።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልንፋው።»

«ምኑን?»

«ጥሩምባውን። ድምፁን እንኳ ልስማው።»

«ትንፋሽ እርጥበት አለው ልጄ፤ ያዝገዋል። ሲበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ እንጅ አንች አይደለሽ።»

ብዙ ለመንሁት። በመጨረሻ አንዱን ከሣጥኑ አውጥቶ ከመደርደሪያው ማዶ አሳየኝ። ከአፉ እስከ ጫፉ በላስቲክ ተጠቅልሏል። በላስቲኩ ላይ ጣቴን ላሳርፍ እጄን ስዘረጋ ሳብ አደረገውና መልሶ ከተተው። እንዲህ ያለ ቆንጆ ዕቃ እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ መውደቁ አንገበገበኝ። ዳይሬክተሩን ጠላሁት። ቁልፉን ጠላሁት። ግን ቀኑ እየቀረበ ስለነበር በልቤ አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ ዕቃው እጄ ሲገባ ጆሮዬ መንገዱን ያሳየኛል እል ነበር። የማን ልጅ ነኝና።

የምረቃው ቀን ጠዋት መሣሪያው ታደለን። ላስቲኩ አልወለቀም። ዳይሬክተሩ በአዲስ ሱፍ ቢሮው ደጃፍ ቆሞ «ላስቲኩን የቀደደ ወላጅ ያመጣል!» ብሎ አወጀ። ከበሮው እንኳ ላስቲኩን እንደለበሰ ነበር። እኔ ጥሩምባዬን ታቅፌ ከላይብረሪው ጀርባ ሄድሁና የአፉን ላስቲክ በጥርሴ ቀደድሁት። አንድ ወር ሙሉ እንደተማርሁት ጉንጬን ነፍቼ ባለኝ ኃይል ሁሉ ነፋሁ።

ፍስስ አለ። ከጎማ ነፋስ ሲወጣ እንደሚለው። ደገምሁት፣ ሠለስሁት፣ ዓይኔ እስኪጨልም ነፋሁ። ፍስስ። ከዓመታት በኋላ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ጠይቄ ተረዳሁ፤ ድምፁ የሚወጣው ከንፈር ገጥሞ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ጉንጭ የነፋ ሰው ጭራሽ ምንም አያወጣም። ያ ሰውዬ ወር ሙሉ ያስተማረን ጥሩምባ እንዳይጮህ ማድረጊያውን ነው።

ሮጬ ሄድሁ። «ቲቸር፣ አይጮህም!»

«ማን ንፊ አለሽ?» አለኝ። በጣም ነበር የተቆጣው። ከኮቱ ኪስ ካሴት አወጣና ዓይኔ ሥር ወዘወዘው። «ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ከናንተ የሚፈለገው እንቅስቃሴው ነው።»

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ቴፕና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ነበረው። ካሴቱ ከየት እንደተቀዳ የማላውቀው የማርሽ ሙዚቃ ነው። ዙሪያዬን አየሁ። ከኔ በቀር የደነገጠ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ዓርብ የተገማገሙት ልጆች ጥሩምባው እንደማይጮህ ሲሰሙ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ካልሲያቸውን መሳብ ቀጠሉ። ያን ጊዜ የናቅኋቸውን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም።

ጥሩምባውን ሣር ላይ ጥዬ መሄድ እችል ነበር። ወደ በሩ ዞር ስል አባቴ ከበቅሎ ሲወርዱ አየሁ። ጥምጣማቸው ነጭ፣ ጋቢያቸው ነጭ፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል። የተቀበላቸውን ሰው «ባንዱ የሚቆመው በየት በኩል ነው?» ብለው ሲጠይቁት ሰማሁ። ሰውዬው እጃቸውን ይዞ ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጣቸው፤ ከድምፅ ማጉያው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ። ተመልሼ ሰልፌ ውስጥ ገባሁ።

እንግዶቹ እንደ ልማዳቸው ሦስት ሰዓት አርፍደው መጡ። አባቴ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ፊሽካ ተነፋ፤ እኛም ገባን። ሙዚቃው ከማጉያው ፈነዳ፤ እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ጉንጬን ነፍቼ፣ ላስቲክ የለበሰውን ጥሩምባ አፌ ላይ ደግኜ በአባቴ ፊት አለፍሁ። ፊታቸውን ወደኛ አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ተማሪ እንደሚሰሙት ይሰሙ ነበር። ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር መብራቱ ደከመ። ቴፑ ተጎተተ፤ ድምፁ እየወፈረ፣ እየዘገየ፣ ወደ ታች ወረደ። እግራችን ወደ አንድ በኩል፣ ሙዚቃው ወደ ሌላ በኩል ሄደ። ከዚያ መብራቱ ሲመለስ ድምፁም ተመለሰ። መምህሩ እጁን ማወዛወዝ ለአፍታም አላቋረጠ። ሲያልቅ ከእንግዶቹ ዋነኛው ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ የተመዘገበ ውጤት ነው ብሎ አጨበጨበልን፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

እንግዶቹ ለግብዣ ሲገቡ አባቴ አልገቡም። ከግንባታው የተረፈ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስጠሩኝ። ሄጄ እጃቸውን ሳምሁ።

«ሰማሁሽ» አሉ።

እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ።

«አገባብሽ መልካም ነው። ከሁሉ ከፍ ብሎ ይሰማ የነበረው ያንች ነው፤ ለይቸዋለሁ። ከመካከሉ ላይ ግን ወረድሽ፤ ወርደሽም ተጎተትሽ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ትንፋሽ አጠረኝ፣ አባ።»

«ውሸት!» አሉ። «ትንፋሽ ያጠረው ይቆርጣል እንጅ አይወርድም። አንች ሳትቆርጭ ነው የወረድሽ። ልብሽ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው።»

ከዚያ ያን ማርሽ፣ ሁለት ዙር ብቻ የሰሙትን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድምፃቸው አዜሙት። ቴፑ የተጎተተበት ቦታ ሲደርሱ መጀመሪያ እንደተጎተተው፣ ቀጥሎ መሆን እንደነበረበት አድርገው አሳዩኝ። «በይ አሁን አንች በአፍሽ በይው» አሉ። አልሁ። «ተመለሽ» አሉ። ከሥሩ ጀመርሁ። ያ ቦታ ላይ ስደርስ እንደገና «ተመለሽ!» አሉ፤ በዚያ ጎረምሳ በሚያስለቅሰው ድምፃቸው። በሦስተኛው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና «እንዲህ ነው» አሉ። ከኋላችን የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጥሩምባዎቹን እየቆጠረ ወደ ሣጥኑ ይመልስ ነበር።

ልነግራቸው ይገባ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። ግን ብነግራቸው ተነሥተው በቅሏቸውን እንደሚጠይቁ፣ ዳግመኛም ወደኔ ጆሯቸውን እንደማያዘነብሉ አውቅ ነበር። ስለዚህ ዝም አልሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ «ያ ቦታ ተስተካከለ?» ይሉኛል፤ «ተስተካክሏል፣ አባ» እላለሁ። ጥሩምባዎቹ ትምህርት ቤቱን ጨርሼ እስክወጣ ከሣጥናቸው አልወጡም።

ዳይሬክተሩን፣ መምህሩን፣ እነዚያን ባለ ቢጫ ዱላ ልጆች እስከ ዛሬ እንቃቸዋለሁ፤ ይህን አልደብቅም። እነሱ ግን ያታለሉት አንድ ቀን ውሎ የሚሄድ እንግዳ ነው። አባቴ ያረፉ ጊዜ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዱ፣ አሁን ራሱ መምህር የሆነ ሰው፣ ለቅሶ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ «መምህራችን፣ ከልጆቼ ሰምቼ ያረምሁት አንዲቷን ብቻ ነው፤ እሷም እንዳረምኋት ቀረች፣ ተመልሳ አልተሳሳተችም ይሉን ነበር» አለኝ። እኔ በዚያ ጥሩምባ አንድም ድምፅ አውጥቼ አላውቅም።